ሳይለሰልስ ዘይት የተቀባው ሳህን

ውድ ወንድም ጋሼ፣

እንደምን ከርመሃል ብዬ አልጀምርም፤ ስልክ ብታነሳ ኖሮ እጠይቅህ ነበር። የምጽፍልህ ጅምርህን ጥለህብኝ ስለሄድክ ነው። ያንን ከግንድ እባጭ የቦረቦርከውን፣ ለእማዬ የቁልፍና የመድኃኒት ማስቀመጫ ይሆናታል ያልከውን ጎድጓዳ ሳህን።

ለመሆኑ ውስጡ ሳይለሰልስ ውጪውን ዘይት የሚቀባ አናጢ የት አይተሃል? ዘይቱ ወደ ውስጥ ዘልቋል። ሰጋቱራው ከዘይቱ ጋር እየቦካ ብርጭቆ ወረቀቱን ይደፍነዋል፤ ጥዬ ሌላ እቀድዳለሁ። የእባጭ እንጨት ደግሞ ታውቀዋለህ፣ ቃጫው እንደ ተጣላ ዘመድ በየአቅጣጫው ነው፤ በዚህ ስታለሰልሰው በዚያ ይጫራል። ቅርጹ ጠማማ ስለሆነ ማሽን አይገባበትም። ወረቀቱን በስፖንጅ ቁራጭ ላይ ጠቅልዬ በጣቴ ነው የምገፋው። ቆዳዬ ከማለቁ የተነሳ ስልኬ እንኳ አሻራህን አላውቀውም ብሎኛል።

ልብስ ሰፊዋ ጎረቤታችን በመስኮት ብቅ እያለች፣ "አንተ፣ ሳህን ነው ወይስ ጥርስ የምትፍቀው?" ትለኛለች።

ይሄን እንኳ እችለው ነበር። ያቃተችኝ እማዬ ናት። ዓይኗ ከደከመ ወዲህ ሁሉን የምታየው በእጇ ነው። አለቀ ብዬ ሳቀርብላት እጇን ትሰድና፣ "ይቧጥጣል" ትላለች። እመለሳለሁ። ውሃ አርከፍክፌ፣ ሲርስ የተነሳውን ቃጫ በደቃቁ ወረቀት ደግሜ እወስዳለሁ። መብራት በጎን አብርቼ ጭረት ብፈልግ የለም። አቀርባለሁ።

"አሁንም ይቧጥጣል።"

"የት ጋ፣ እማዬ?"

"እዚሁ ጋ።"

"እዚህማ መስታወት ነው እኮ!"

"ተወው በቃ። የጀመረው መጥቶ ይጨርሰው።"

ያኔ ገባኝ። በእሷ ሐሳብ ሳህኑ እስካላለቀ ድረስ አንተ ትመጣለህ። እንዴት እንደተናደድኩ አትጠይቀኝ። መድኃኒቷን የምሰጣት እኔ፣ ሐኪም ቤት የማመላልሳት እኔ፤ የምትጠብቀው አንተን።

በማግስቱ ሳልጠይቃት ውስጡን ዘይት ቀባሁት። ሲደርቅ ጭኗ ላይ አስቀመጥኩላት። ከሥሩ እስከ አፉ ቀስ ብላ ዳሰሰችው። አሸተተችው።

"ቀባኸው?"

"አዎ። አልቋል።"

ቁልፏን ከኪሷ አውጥታ ጣል አደረገችበትና፣ "እጅህ ይባረክ" አለችኝ። ፊቷን ግን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ከዚያ በፊት ጠዋት ጠዋት፣ "ደወለ እንዴ?" ትለኝ ነበር። በጥያቄዋ እንዴት እማረር ነበር! ከዚያ ቀን ወዲህ ጠይቃኝ አታውቅም። ይሄ ባሰብኝ።

እንግዲህ እዚህ የሚጠብቅህ ሥራ የለም፤ ሰበብም አያስፈልግህም። ዝም ብለህ ና። ስትመጣ ግን መሣሪያዬን እንዳትነካ።

ያንገሸገሽከው ታናሽህ