ዘር የለውም የተባለው እንቁላል

ይድረስ ለምወድሽ ታላቅ እህቴ፤

እንደምን ከርመሻል? ባለቤትሽ፣ አማትሽስ ደህና ናቸው? እኔ ከትንሽ ጉንፋን በቀር ደህና ነኝ። "የወር አበባዬ ከቀኑ ሁለት ሳምንት አለፈ፣ ለማንም እንዳትናገሪ" ያልሽበት ደብዳቤ ደርሶኛል። ደስ ሊለኝ ሲገባ ወረቀት ፈልጌ ይህን መጻፍ ጀመርኩ። እባክሽ ይህን ቁጭ ብለሽ አንብቢው።

"ላባ የሌላት እናት ዶሮ" እያልሽ የምትስቂበት ሥራዬን ታውቂዋለሽ። የተባይ መድኃኒት የተረጨባቸውን እንቁላሎች ማሞቂያ ሣጥን ውስጥ እናስቀምጥና፣ በሰባተኛው ቀን በጨለማ ክፍል አንድ በአንድ በመብራት አያቸዋለሁ። የደም ሥር ከታየኝ ጫጩት አለ። ጥርት ካለ "ዘር የለውም" ብዬ እጥለዋለሁ፤ ድሮም ዘር ያልነበረውን መድኃኒቱ ገደለው አይባልማ።

ባለፈው ማክሰኞ ከሚጣሉት አንዱ ከእጄ አምልጦ ተሰበረ። አስኳሉ ላይ የሸሚዝ ቁልፍ የምታህል ነጭ ፅንስ ነበረች። ደንግጬ የቀሩትንም ሰበርኳቸው። ከሃያ ሦስቱ አሥራ ዘጠኙ ዘር ነበራቸው፤ አንድ ሁለት ቀን አድገው የሞቱ ናቸው። ለማነጻጸር ካስቀመጥናቸው ካልተረጩት መሐል እንዲህ ያለ ያገኘሁት አንድ ብቻ ነው።

ለአለቃዬ ስነግረው በዚሁ መንገድ የሠራነው የዓምናው ሪፖርት ወጥቷል፣ የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም አለኝ። "ፅንስ አይጎዳም" የሚለው ሪፖርት ላይ ፊርማዬ አለ። በምትሠሪበት አበባ እርሻ በር ላይ የተለጠፈላችሁ ወረቀት እሱ ነው። በላክሽልኝ ፎቶ ያንኑ መድኃኒት የያዘውን ቢጫ ጀሪካን አዝለሽ ስትስቂ ከኋላሽ ይታያል፤ እኔም ያኔ ኮርቼ ነበር። የዛሬ አራት ዓመት እዚያ ያስቀጠርኩሽም እኔው ነኝ።

አማትሽ "ዛፍ እንኳ ያፈራል" ሲሉሽ አጠገብሽ የተቀመጥኩት እኔም እውነት መስሎኝ ነበር። በየጊዜው ትዘገዪና የወር አበባሽ መልሶ እንደሚመጣብሽ ስትነግሪኝም "ሐሳብ ስለምታበዢ ነው" አልኩሽ። ሰውና ጫጩት አንድ አይደለም፣ እኔም ሐኪም አይደለሁም። ግን ከዚያ ቀን ወዲህ እንቅልፍ የለኝም።

ከነገ ጀምሮ ያንን ጀሪካን አትንኪ። አመመኝ በያቸው፤ እምቢ ካሉ ጥለሽ ውጪ። ሐኪም ቤት ሄደሽ ስትረጪ የኖርሽውን ንገሪያቸው። እኔም ፊርማዬን ያነሳሁበትን ደብዳቤ ዛሬ አስገብቻለሁ። ካባረሩኝ መጥቼ አንቺን እየተንከባከብኩ እቀመጣለሁ።

ቶሎ መልሽልኝ። በነዚያ አራት ዓመታት ስንት ጊዜ እንደዘገየሽ ግን አትጻፊልኝ።

ፈጣሪ ሁለታችሁንም በእጁ ይያዝልኝ።

ታናሽ እህትሽ