የፖላንዱን ፊልም ያስተረጎምኩበት ሳምንት

ማክሰኞ

ገብሬ ዛሬም ካልጠየቁት አልተናገረም። ታናሽ ወንድሜ ነው። ደርግ ሲወድቅ ሠራዊቱ ተበትኖ እሱ በእግሩ ቦንጋ ከገባ ዓመት አልፎታል። ጓሮ ቁጭ ብሎ የቡና ችግኝ ያጠጣል፤ ሥራው እሱ ብቻ ነው።

ባለቤቴ ዘነበች ግን አንድ ነገር ሰምታለች። የድሮ መቶ አለቃው መልእክት ልኮበታል። ቅዳሜ መጥቶ ይወስደዋል፤ መጀመሪያ ቢታ ገነት፣ ከዚያ ጫካ። የተበተኑትን እየሰበሰበ ነው አሉ።

«ትሄዳለህ?» አልኩት። «ትዕዛዝ ነው ጋሼ።» የየትኛው ጦር ትዕዛዝ? ጦሩ እኮ የለም! ጮኽኩበት። መጮኼ ምን ፈየደ።

ረቡዕ

የቪዲዮ ቤቷ እትዬ አስካለ የምሠራበት እርሻ ቢሮ ድረስ መጡ። ሰዉ የህንድ ፊልም ሰልችቶታል። «ፖላንድ ተምረህ ስትመለስ ያመጣኸው ካሴት የለም እንዴ?» አሉኝ።

አለ። ጥቁርና ነጭ ነው። ጀርመንን በጫካ ሲወጉ የኖሩ አርበኞች፣ ጦርነቱ አብቅቶ መሣሪያ ማስቀመጥ ሲያቅታቸው። ፖላንድኛ የሚሰማ በከፋ ከእኔ በቀር ያለ አይመስለኝም። ስለዚህ ነገ ማታ እንደ ቪዲዮ ቤቱ ልማድ ቴሌቪዥኑ አጠገብ ቆሜ ላስተረጉም ነው።

ገብሬን ይዤው እሄዳለሁ። ይየው።

ሐሙስ

ጉድ ሆንኩ።

መጀመሪያው ደህና ነበር። ከዚያ ወጣቱ አርበኛ አለቃውን ደከመኝ፣ እንደ ሰው መኖር አማረኝ የሚልበት ቦታ ደረሰ። ከኋላ አግዳሚ ላይ ገብሬ ወደ ፊት ዘንበል ሲል አየሁት። የአለቃው መልስ «ይህ ክህደት ነው» ዓይነት ነገር ነው። አፌ እምቢ አለኝ። «ሂድ ልጄ፣ ጦርነቱ አልቋል፣ የሚፈልግህ የለም» ብዬ አስተረጎምኩ።

ፊልሙን ስንት ጊዜ አይቼዋለሁ፤ ቀጥሎ የሚመጣውን እንዴት ረሳሁት? ልጁ ወጥቶ ግደል የተባለውን ሰው ተኩሶ ገደለ። ቤቱ በተመልካቹ ጩኸት ተናጋ። «ሂድ ካለው ምን ሊሆን ይተኩሳል?» «አስተርጓሚው ዋሽቷል!» እትዬ አስካለ ጭንቅላታቸውን ያዙ። ልጁ መጨረሻ ላይ ሲሞትማ ጭራሽ አልተናገርኩም። ያለ እኔም ገባቸው።

ዓርብ

ቢሮ ውስጥ «ሂድ ልጄ» የሚል ስም ወጥቶልኛል። ይሳቁ።

ከሰዓት ገብሬ ችግኙ ጋ ጠራኝ። ራሱ ጠራኝ!

«አለቃው በእውነት ምን አለው?»

እውነቱን ነገርኩት። አፈሩን እየነካካ፣ «የእኔም እንደዚያ ነው የሚለኝ» አለ። «ለምን ዋሸህ ታዲያ?»

«እንድትቀርልኝ ብዬ።» እንዲህ በግልጽ ብዬው አላውቅም። ዓይኔ እንባ ሞላ። እሱ ግን ውኃ ሊቀዳ ሄደ።

ቅዳሜ

መቶ አለቃው ከሺሺንዳ በመጣ መኪና ደረሰ። ግዙፍ ሰው ጠብቄ ነበር። የከሳ፣ ካፖርቱ የሰፋው ሰው ነው። ዘነበች ቆጮና ጎመን አቀረበችለት። ፍርፋሪው ሳይቀር እየለቀመ በላ። ሳልፈልግ አዘንኩለት።

ገብሬ ቀጥ ብሎ ቆመ። «መቶ አለቃ፣ እኔ አልሄድም። እርስዎም አይሂዱ። እዚያ ማን አለዎት?»

ይቆጣል ብዬ ተሳቀቅሁ። አልተቆጣም። የያዘውን ቆጮ መልሶ አስቀመጠ። «ዋጫ ከተማም ቢታ ገነትም ዞሬ እሺ ያለኝ የለም» አለ። «አንተ ብቻ ነበርክ የቀረኸኝ።»

ይደሩ አልኩት። አደረ።

እሑድ

ጠዋት መናኸሪያ ሸኘነው። ወደ ሺሺንዳ፣ ወደ ጫካው መንገድ የሚመለሰው መኪና ረዳት ሲጣራ ዞር ብሎም አላየው። የጅማውን ተሳፈረ። ሰላሌ እናት አለችው፤ በሕይወት ትኑር አትኑር አያውቅም። ጅማ ሲደርስ ሐሳቡን ይለውጥ ይሆናል፤ እንጃ።

መኪናው ሲነሳ ገብሬ ወታደራዊ ሰላምታ ሰጠው። ሰውየው ግን በመስኮት እጁን አውጥቶ እንደ ማንኛውም መንገደኛ አወዛወዘ። ገብሬ ትንሽ ግራ ገባው። ከዚያ እጁን ከግንባሩ አወረደና እሱም አወዛወዘ።