ያሰረ አይፈትሽም

ሰኞ፣ ኅዳር 9

የሒሳብ ፈተና። እንዳይሆን ሆነ። ከሰዓት ከክፍል ጓደኛዬ ከስጦታ ጋር ኮምፒውተር ክፍል ገባን። "አገልግል" ያልነው አፓችን አለቀ ማለት ይቻላል። ሰው መታወቂያውን፣ የመሬት ደብተሩን ፎቶ አንስቶ ይከታል፤ አፑ ቆልፎ ክላውድ ላይ ያስቀምጥለታል። ያለ ፓስዋርዱ እኛ ራሳችን እንኳ ማየት አንችልም።

ክረምት ላይ አጎቴ ጋሼ ባዘዘው ያለበት የበቅሎ ነጂዎች ማኅበር ቢሮ ጣራው አፍስሶ፣ የአባላቱ ወረቀት ሁሉ ገንፎ ሆኗል። እሑድ ስብሰባ አላቸው፤ ገብታችሁ አስረዱ ብሎናል። እሺ ካሉ የመጀመሪያ ተጠቃሚዎቻችን ናቸው። እምቢ ካሉስ? ከስጦታ እናት በቀር ማንም የለንም። እሷም ያስገባችው የድመቷን ፎቶ ነው።

እሑድ፣ ኅዳር 15

አለቀልን።

ሽማግሎቹ አገጫቸውን ዱላቸው ላይ አሳርፈው ተደርድረዋል። ስጦታ አስረዳች፣ እኔ በስልክ አሳየሁ። አንዱ፣ አገልግል ካላችሁ ምሳው የታል አሉ። ከዚያ አያ ገዱ ተነሡ። የማኅበሩ አንጋፋ። ስልካቸውን መሐረብ በመሐረብ ላይ ጠቅልለው ነው የሚይዙት፤ ሲጠራ ፈትተው እስኪደርሱበት ይዘጋል። እኒህ ናቸው እንግዲህ የሚፈትኑኝ...

"መቆለፉን ማን አየ?" አሉኝ።

እኔ ራሴ ስንቴ ሞክሬዋለሁ አልኩ፣ ደረቴን ነፍቼ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ምን አልኩ?

"ልጄ፣ ያሰረ አይፈትሽም።" ብለው ቁጭ።

ውሳኔው ለወሩ ይደር ተባለ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 17

ገባኝ።

ጠዋት ጋሼ ተራራው ላይ ወዳለው ጨነቅ ለሚሄዱ እንግዶች በቅሎ ሲጭን ቆሜ አየሁ። አስሮ ሲጨርስ ዞር አለ። ሌላ ነጂ መጥቶ የመጫኛውን ገመድ ባለ በሌለ ኃይሉ ጎተተው። ከሕፃንነቴ ጀምሮ የማየው ነገር። ለምን ብዬ ጠይቄ አላውቅም። ዛሬ ጠየቅሁ።

"ለገዛ ቋጠሮሽ እጅሽ ይራራል" አለኝ ጋሼ። "ገደሉ ግን አይራራም።"

እኛ እመኑን አልን እንጂ ጎትቱት አላልንም... ስጦታ ጋ ሮጥኩ። ኮዱን እንክፈተው አልኳት። ኦፕን ሶርስ ይሁን፤ የፈለገ ያንብበው። ፈራች፤ ሌባ ቢማርበትስ? የሚታየው የቁልፉ አሠራር ነው፣ መክፈቻው ያለው ባለቤቱ ጋ ነው አልኳት። አሰበች፣ አሰበች... ከዚያ፣ ሰው ሳያየው መጀመሪያ ስድቦቹን አጥፊ አለችኝ። (ኮዱ መሀል ስለ ሒሳብ መምህራችን አንዳንድ ማስታወሻ ጽፌ ነበር።) አጠፋሁ። ለቀቅነው።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 24

ማንም አልጎተተም።

ዓርብ፣ ኅዳር 27

ጎተተ! ቃለ አብ የሚባል፣ ዩኒቨርሲቲ የሚማር የዳባት ልጅ። ጻፈልን፦ ሰነዱ ተቆልፏል፣ የሰነዱ ስም ግን አልተቆለፈም። ሰርቨሩ ውስጥ የገባ ሰው "የእገሌ የፍቺ ወረቀት" የሚለውን ማንበብ ይችላል። ውስጡን አያይም... ግን በእኛ ከተማ በደባርቅ ለሐሜት ርእሱ መች አነሰ?

አፈርኩ። እኔ ስንቴ ሞክሬው አላየሁትም። ነገ እንጠግናለን። ለሽማግሎቹስ? ስጦታ ዝም እንበል ትላለች፤ የሚያውቅ የለም። እውነቷን ነው። ደግሞ ብናወራ ማን ያምነናል?

እሑድ፣ ታኅሣሥ 13

ተናገርኩ። ስጦታ ቀሚሴን ከኋላ እየጎተተች።

ኮዱን ለሰው ሁሉ ከፍተነው ነበር፣ አንድ ሰው ፈትሾ የላላ አገኘ፣ አጠበቅነው፣ ደግሞ ፈተሸልን አልኩ። አጎቴ መሬት መሬት ያያል።

"ጎታቹ ዘመድሽ ነው?" አሉ አያ ገዱ።

"ኧረ ፊቱንም አይቼው አላውቅም።"

"እሱ ይሻላል። ላላ የሚል ካልተገኘ፣ አልተጎተተም ማለት ነው።"

እጅ ወጣ። ሁሉም!

ግን ሽማግሌ ሽማግሌ ነው... ፓስዋርድ ይምረጡ ብላቸው፣ አያ ገዱ ቤቱ ሁሉ እየሰማ "ዳማ" አሉ። የበቅሏቸው ስም። የቀሩትም በየተራ የበቅሏቸውን ስም አወጁ። አንድ በአንድ ወደ ጓሮ እየወሰድን፣ በሹክሹክታ ሌላ አስመረጥን። ንስሐ የምንቀበል ነው የምንመስለው።

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 17

ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ስሄድ አያ ገዱ ዳማን ጭነው ጨርሰዋል። ነጂዎቹ በዙሪያው ቆመዋል። እነሱን አልጠሩም።

"የትናየት፣ ነይ ጎትቺ።"

እኔ? ሴት ልጅ መጫኛ ስትፈትሽ አይቼ አላውቅም። ቦርሳዬን አስቀምጬ በሁለት እጄ ሳብኩ። እንደ ድንጋይ ይሆናል ብዬ... ሸተት አለ። ወይ ጉድ። ምን ልበል?

"ላልቷል፣ አያ ገዱ።"

ማንም አልሳቀም። ጢማቸውን ዳበሱ። ፈቱት። ጎንበስ ብለው እንደገና አሰሩ፤ ዞር ብለው ቆሙ። ጎተትኩ። ንቅንቅ የለም።

"ሂዱ" አልኩ።

ሄዱ።

ክፍል የደረስኩት አርፍጄ ነው። የሒሳብ መምህሩ የት ነበርሽ አለኝ።

ሥራ ላይ አልኩት።