ቁም ሲባል ያልቆመው ክሬን

ለተከበሩ አቶ ናዳቭ፣ በሃይፋ ወደብ አካባቢ ክሬኖችን የሚያዝዘው ፕሮግራም ክፍል ኃላፊ፤

እንደምን ሰነበቱ? ጤናዎ፣ እንቅልፍዎ፣ የምግብ ፍላጎትዎስ እንዴት ነው? እኔ ፕሮግራምዎን ስፈትሽ የኖርኩት ባንቺአየሁ ነኝ። የክሬን ሠራተኛው ወንድሜ ማረው ባለፈው ማክሰኞ ቀኝ እጁን ክሬንዎ ሥር ትቶ ስለመጣ፣ ሰላምታውን በእኔ በኩል ልኮልዎታል። ጥቃቅን ቅሬታዎቼን በትሕትና አቀርባለሁ፦

1. ማረው ደረቱ ላይ የሚያንጠለጥለው መሣሪያ ክሬኑን «ቁም» ሲል፣ መልእክቱ ሐሰተኛ እንዳይሆን በምስጢር ቁልፍ ይፈረማል። ቁልፉ በሄክስ፣ ማለትም በአሥር አኃዝና በስድስት ፊደል፣ የተጻፈ ስልሳ አራት ምልክት ነው፤ ሁለት ሁለቱ ምልክት አንድ ባይት ስለሆነ፣ ከመፈረሙ በፊት ወደ ሠላሳ ሁለት ባይት መፈታት አለበት። እርስዎ ግን ሳይፈቱ እንደ ተራ ጽሑፍ ተጠቀሙበት። ስለ ድፍረትዎ አመሰግናለሁ።

2. ላኪውንም ተቀባዩንም በዚያው በተሳሳተ ኮድ ስለፈተኗቸው እርስ በርስ ተስማሙ፣ እርስዎም አጨበጨቡ። ከዚያ የክሬኑ ተቀባይ ቁልፉን በትክክል በሚፈታ በአዲስ ተተካ፤ የማረው መሣሪያ ግን በአሮጌው ስሕተት ቀረ። በዚያው ቀን አደጋውን ጽፌ አስታወቅሁዎ። መልስዎ «ቤሰደር፣ እሺ፣ የሚሠራ ነገር አይነካም» የሚል ነበር። አጭር መልስ የትልቅ ሰው ነው።

3. ማክሰኞ ዕለት ማረው የታችኛውን ኮንቴይነር መቆለፊያ ሲያጠብቅ የላይኛው ይወርድ ጀመር። የመሣሪያውን መጫኛ ተጭኖ ክሬኑን «ቁም» አለው። ክሬኑ ግን ፊርማው የሐሰት ነው ብሎ ትእዛዙን ጥሎ ኮንቴይነሩን እጁ ላይ አወረደ። አጥንቱ ሲደቅ አብራው የምትሠራው ወርቄ ከሠላሳ ሜትር ሰምታዋለች። ሥጋውና ብረቱ አልላቀቅ ስላሉ፣ እጁን ከክርኑ በላይ ቆርጠው ነው ያወጡት።

4. በማግስቱ ስሕተቱን በአንድ መስመር አስተካክለው ስለ ደኅንነት ስብሰባ ጠሩ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ከስብሰባው መልስ ደግሞ ማረው ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ፣ «ቁም» የሚለውን መጫኛ ዘግይቼ ስለተጫንኩ ጥፋቱ የራሴ ነው ብሎ እንዲያምን እርስዎ ወረቀት ላኩለት። አልደብቅዎም፦ ወረቀቱን ሳነብ የእርስዎን ጣቶች አንድ በአንድ መስበር ተመኝቻለሁ፤ አሁንም ምኞቴን አላነሣሁም።

ትዕግሥትን በደም ላስተማሩኝ ለእርስዎ ከታላቅ አክብሮት ጋር፣

ባንቺአየሁ፣ ከክርያት ያም

ማስታወሻ፦ ዘግይቶ ስለመጫኑ የክሬኑን መዝገብ አደጋውን ለሚያጣራው መርማሪ ልኬዋለሁ። ማረው አሥራ አንድ ጊዜ ተጭኗል፤ አሥራ አንዱም «የተሳሳተ ፊርማ» ተብሎ ተመልሷል። ስድስቱ ብረቱ ሳይነካው በፊት ናቸው። የቀሩትን አምስቱን የተጫነው በግራ እጁ ነው።