የእኔ ያልሆነው ገጽ

ይድረስ ለምወድሽ እታለም፣

እንዴት ከርመሽልኛል? ደረጃ ስትወጪ ያስቸግርሽ የነበረው ጉልበትሽ ተሻለው ወይ? እማዬስ? ዓይኗ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ እንዴት ሆነላት፣ ወይስ አሁንም አንቺ ነሽ የምታነቢላት? ባለቤትሽንስ ሳሉ ለቀቀው? ልጆቹ ተስማምተው ይውላሉ ወይስ እንደ እኔና አንቺ በአንድ ማበጠሪያ ይጣላሉ? እኔ ተመስገን፣ ሰውነቴ ደህና ነው። ልቤ ግን ደህና አይደለም፤ የምጽፍልሽም ስለዚሁ ነው።

ባለፈው እንደነገርሁሽ መጽሔታችን ከዩኒቨርሲቲው ጋር ተዋውሎ ጽሕፈት የሚማሩ ተማሪዎችን ለሦስት ወር ልምምድ መቀበል ጀምሯል። ውሉ የተፈረመ ቀን ዋና አዘጋጃችን ክራባት አስሮ መጣ፤ ሙሽራ መስሎ ዋለ። አራት ልጆች መጡና አንዷ ለእኔ ደረሰችኝ። ቁመቷ አጭር፣ ድምጿ ቀጭን ስለሆነ ቢሮው ድምቢጥ አላት። ጠረጴዛዬን ለሁለት ተካፈልን፤ መስኮቱ በእሷ በኩል ሆነ። ቅናቴ ከመስኮቱ ሳይጀምር አልቀረም።

አዎ፣ ቀናሁ። ሌላ ስም ልፈልግለት ሞክሬ አጣሁ። እኔ አንዱን ዓረፍተ ነገር አምስቴ ሰርዤ ስድስተኛውን ስጠራጠር፣ እሷ ማዳመጫዋን ጆሮዋ ላይ ሰክታ ገጹን ሞልታ ትነሳለች። አዘጋጁ በአጠገባችን ሲያልፍ የእሷን ቆሞ ያነባል፤ የእኔን "ደርሷል?" ብሎ ያልፋል። እሱን መናገር ስለማልደፍር ነገሩ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ሆነና በእሷ ነጠላ ሰረዝ ላይ ወረድሁባት። አንድ ቀን አንዱን ጽሑፍ ስድስት ጊዜ አስገለበጥኋት። "እሺ እትዬ፣ እርስዎ እንዳሉት ይሻላል" ትላለች። ብትመልስልኝ ደስ ባለኝ።

የመጨረሻዋን ገጽ ታውቂያታለሽ፤ በየወሩ ስለ አንድ ሠራተኛ ሰው የምጽፍባት፣ አሥራ አንድ ዓመት የያዝኋት። በመጽሔቱ ደንብ ከሥሯ የጸሐፊ ስም አይወጣም። መጽሔቱን ስልክላችሁ የገጿን ጥግ በቀይ እስክሪብቶ የማሰምርላችሁም የእኔ መሆኑን እንድታውቁ ነው። ባለፈው ወር አዘጋጁ "አንዴ ልጅቷ ትሞክረው፣ አንቺም ትንሽ ዕረፊ" አለኝ። ማን ዕረፍት ጠየቀው?

ስለ ጃንጥላ ጠጋኙ ጻፈች። ሰውየው ከቢሯችን ፊት ለፊት፣ ከባንኩ ደረጃ ሥር ነው የሚቀመጠው። አሥራ አንድ ዓመት በፊቱ አልፌያለሁ፤ ሁለት ጊዜም ጃንጥላዬን ሰጥቼዋለሁ። የጠገነውን ጃንጥላ ለባለቤቱ ከመመለሱ በፊት ራሱ ዘርግቶት ዝናብ ውስጥ እንደሚቆም ግን አንድ ቀን አላየሁም። እሷ አይታለች። አንብቤ ስጨርስ የማርመው አጣሁ፤ ፈልጌ ፈልጌ አንድ አራት ነጥብ ጨመርሁ።

እንግዲህ ጉዴን ስሚ። መጽሔቱ ሲወጣ ለእናንተ የምልከውን አነሳሁ፤ ቀዩን እስክሪብቶ አነሳሁ፤ አሰመርሁበት። እጄ ለምዶ ነው ብዬ ልጽፍልሽ ነበር። ውሸት ነው። በሩን ዘግቼ ነው ያሰመርሁት።

ከዚያ ደብዳቤሽ ደረሰኝ። እማዬ ሁለቴ አስነብባሽ አለቀሰች፣ "ልጄ ገና ዘንድሮ መጻፍ ጀመረች" አለች፣ ትራሷ ሥር አደረገችው ብለሽኛል። የአሥራ አንድ ዓመቱንስ ምን ስታደርገው ኖራ ነው? አንዱም ትራስ አላየም! በሰው ጽሑፍ ተመስግኜ በገዛ እናቴ ተናደድሁ። የሰው ወርቅ አያደምቅም ይላሉ፤ እኔንማ ጭራሽ አቃጠለኝ።

ማክሰኞ ዕለት ድምቢጥ አጠገቤ ቆመች። ልምምዷ ነገ አርብ ያልቃል። "እትዬ፣ ያ እትም አንድ ይገኝ ይሆን? ለአባቴ ነበር" አለችኝ። ለካ ጃንጥላ ጠጋኙ አባቷ ነው። የአባቷ ነገር ነው ተብሎ ጽሑፉ እንዳይጣልባት ፈርታ ለማንም አልተናገረችም። እሱም እንዳያሳፍራት ብሎ ሦስት ወር ሙሉ በፊቱ ስታልፍ ቀና ብሎ አያያትም ነበር። መጋዘኑን ብናስጠይቅ እትሙ አልቋል፤ የቀረው ለቢሮው የተጠረዘው ብቻ ነው። ፎቶ ኮፒ አድርጌ ሰጠኋት። በማግስቱ "አባቴ አገላብጦ አገላብጦ፣ መጽሔቱ የታለ አለኝ" አለች። እኔ የት እንዳለ አውቃለሁ።

የግምገማ ቅጿን ትናንት ሞላሁ። "የተማሪዋ የራስ ሥራ" በሚለው ቦታ የመጨረሻዋን ገጽ ጻፍሁና ፈረምሁ። አዘጋጁ አይቶት ገጿን ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ ለእሷ ሊሰጣት እንዳሰበ ነገረኝ። እውነት ያቀልላል የሚሉት እኔ ላይ አልሠራም። አሁንም እቀናለሁ። ይህን ስጽፍልሽ እንኳ ከጎኔ ሆና ትስቃለች፤ ሳቋም ያምራል።

ስለዚህ እታለም፣ መጽሔቱን ከትራሷ ሥር አውጪና በፖስታ ላኪልኝ። ተኝታ ሳለች ግን አይሆንም። ጠይቂያት፣ ምክንያቱንም ንገሪያት። "የጻፈችው የሰውየው ልጅ ናት፤ ያሰመረችው ያንቺ ልጅ ናት" በያት።

ባለቤትሽን ሳሉን ቸል እንዳይል ተቆጪልኝ። ትልቋን ግንባሯን፣ ትንሹን ካገኘሽው ጉንጩን ሳሚልኝ። ልብስ ሰፊዋን ጎረቤታችንን፣ ቀሚሱ ልክ ሆኖልኛል በያት። የእማዬን ሰላምታ ግን ወሬውን ከነገርሻት በኋላ አድርሺልኝ፤ ከተቀበለችሽ።

ታናሽሽ

ከመጽሔቱ ቢሮ፣ መስኮት ከሌለው የጠረጴዛው ጎን
ሐሙስ፣ ሰኔ 12 ቀን