የዘጠኝ ሰዓት ልምምድ

ሐምሌ 24 ቀን 1971

ዋና መሥሪያ ቤት የሚባለው ውስጥ የተጻፈለትን የሚያነብ ሰው አለ? ለሰቆጣ ቅርንጫፍ የክብደት ብረት ላኩልን ብዬ ጻፍኩ፣ ደግሜም ጻፍኩ። ዛሬ ከነሱ፣ ከደሴ፣ ፖስታ መጣ። ተጣድፌ ቀደድኩት... ፖስተር! ብረት ያነሳ ወጠምሻ፣ ከሥሩ «ብርቱ ክንድ የስፖርት ክበብ»።

ወፍጮ ቤት ኩንታል የሚሸከመው ዋሴ አየውና፣ «ይሄንማ በአንድ እጄ» አለ።

ያለን የመኪና አክስል ነው። ጫፍና ጫፉ ላይ በጣሳ ሲሚንቶ አፍስሰንበታል። ጣሳውን ሰላሕ ነው ከአባቱ ሱቅ ያመጣው። የከተማው ልጆች ግን ለልምምድ ይመጣሉ፣ ቤቱ ይሞላል። ሰቆጣ ደረሰህ ብለው ያዘኑልኝ የኮሌጅ ጓደኞቼ ባዩኝ!

ነሐሴ 1

ፍልሰታ ገባ። ረመዳን ከተያዘ ሰንብቷል። ክርስቲያኑም እስላሙም ጿሚ። «ከሰዓት በኋላማ እኔን ራሴን አንሱኝ» አለ ሰላሕ። ተመካክረን የዘጠኝ ሰዓቱን ልምምድ ጠዋት አደረግነው፣ ረሃቡም ጥማቱም ሳይጠና። ለደሴ ጻፍኩ፦ ሁለቱ ጾሞች ስለገጠሙ ሰዓት ቀይረናል። እውነቱ ይኸው። ሌላ ምን ይጻፋል?

ነሐሴ 6

ስልክ ቤት የምትሠራዋ ይታየሽ አስጠራችኝ። ተቆጣጣሪው ጓድ ብዙነህ፣ ከደሴ። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ።

«ጾም ብለህ ጻፍክ?»

«አዎ ጓድ፣ ስለገጠመ...»

«ክበቡ ደብር ነው? መስጊድ ነው? በሁሉም ቅርንጫፍ ልምምድ ዘጠኝ ሰዓት ነው! ካልመለስክ ይዘጋል።»

«ብረቱስ፣ ጓድ?»

ጆሮዬ ላይ ዘጋው።

«እሺ በላቸው፣ ወንድሜ» አለች ይታየሽ። «ከነሱ ጋር ምን ያከራክርሃል?»

ቤቱ ቢዘጋ ልጆቹ የት ይውላሉ? አረቄ ቤት?

ነሐሴ 8

ዘጠኝ ሰዓት አደረግኩት። ፈሪ።

ነሐሴ 9

ሰላሕ ወደቀ። አክስሉን ደረቱ ላይ እንዳደረሰ ጉልበቱ ከዳው። ዋሴ ባይቀበለው ብረቱ አንገቱ ላይ ነበር። ውሃ ስንሰጠው አፉን ገጥሞ ጭንቅላቱን ነቀነቀ።

አባቱ አቶ ዓብዱልቃድር መጡ። አልጮሁም። ቢጮሁ ይሻለኝ ነበር።

«ጠዋት ነው ብለኸኝ አልነበር? ማን አስለወጠህ?»

«ዋናው መሥሪያ ቤት፣ አባባ።»

«እሱ ልጄን ያውቀዋል?»

አያውቀውም። እኔ ነኝ የማውቀው... ከነገ ጀምሮ ጠዋት። ይዝጉ! ደሴ ቁጭ ብለው ምሳቸውን በልተው የኛን ሆድ ያዛሉ!

ነሐሴ 15

መጣ። ጓድ ብዙነህ ራሱ፣ ጠዋት፣ ልምምድ ላይ እያለን። ላንድሮቨሩ እስከ መስኮቱ ጭቃ።

«የክበቡን ንብረት አስረክብ።»

«የቱን?»

አክስሉን አሳየኝ። የኛ ነው አልኩ። አግዳሚው? የኛ። ገመዱ? ዋሴ ከቤቱ ያመጣው። ጓድ ብዙነህ ዞረ ዞረና ወጥቶ በሩ ላይ ያለውን ታፔላ ይነቅል ጀመር።

«ላግዝዎ እንዴ ጓድ?» አለ ዋሴ። «ወገብዎን እንዳይቆርጥዎ።»

ልጆቹ ሳቁ። እሱ ግን ወደ እኔ ዞረ። «ስምህን ይዤዋለሁ።» ቁልፉን ተቀብሎ ሄደ። እኛም አክስሉን ተሸክመን ወጣን።

ነሐሴ 22

ከሥራ ወጥቻለሁ። ቅርንጫፍ የለኝም። ግን ልምምድ አለ... በአቶ ዓብዱልቃድር ግቢ፣ እህል በሚሰጣበት። ራሳቸው ናቸው የጠሩኝ። ጾሙ ሁሉ ተፈቶ እንኳ ጠዋት ነው የምንገናኘው፣ ልጆቹ ስለመረጡት። ሰላሕ አክስሉን ዛሬ ከራሱ በላይ አቆመው።

ደሴ ያስጠራኝ ይሆን? ያስጠራኝ። ሌሎቹ ቅርንጫፎችስ? የወልድያው ኃላፊ ገብረ አምላክ ባለፈው የደሴ ስብሰባ ላይ ጓድ ብዙነህ ሲናገረን አንገቱን ደፍቶ ነበር፣ ከኔ ጎን። እሱም ብረት አልደረሰውም። ለሱና ለቀሩት የቅርንጫፍ ኃላፊዎች ዛሬ በጭነት መኪና ሾፌር እጅ እንዲህ ብዬ ላክሁ፦

«ብቻዬን ስናገር ስሜን ያዙት። ሁላችንም ብንናገር የማንን ይይዛሉ? እናንተ ጋ ልምምድ ስንት ሰዓት ነው? ማን ወሰነላችሁ? ባታምኑኝም መልሱልኝ።»