የማይንቀጠቀጥ እጅ

ሰኞ
ዋሸሁ። ዶክተሩ በጀርመንኛ ያለው ሌላ፣ እኔ ለእትዬ የተረጎምኩት ሌላ። እሱ "የራስ ቅሉን የት እንደምንበሳ የሚያሳየን ሮቦት ነው። አዲስ ነው፣ ገና እየሞከርነው ነው። ደም ሊፈስ፣ አንደበትም ሊይዝ ይችላል" አለ። እኔ ለእትዬ "ጎበዝ ሐኪም ናቸው፤ በእጃቸው ነው የሚሠሩት፤ ቀላል ነው" አልኳቸው። በእኛ ቤት ለበሽተኛ ክፉ ነገር በግላጭ አይነገርም። እናታችንም ሕመሟን ሳታውቅ ነው የሞተችው።

እትዬ ታላቅ እህቴ ናቸው፤ ያሳደጉኝም እሳቸው። እጃቸው መንቀጥቀጥ ከጀመረ ወዲህ ጥጥ አይፈትሉም፤ የማጎርሳቸው እኔ ነኝ። መድኃኒቱ አልረዳም። የቀዶ ጥገናው ቴርሚን፣ ቀጠሮው ማለት ነው፣ የፊታችን ሰኞ ነው።

ማክሰኞ
ፍሉግሃፈን፣ አውሮፕላን ማረፊያው፣ ፈረቃ ነበረኝ። አውሮፕላን ሳጸዳ ከወንበር ኪስ የማገኘውን ወረቀት ሁሉ አነባለሁ፤ ጀርመንኛም የተማርኩት በሱ ነው። እትዬ ከታመሙ ወዲህ ስለ አንጎል የሚያወራውን ገጽ እየቀደድኩ አስቀምጣለሁ። ከነዚያ አንዱን ዛሬ ደግሜ አነበብኩት። የመጀመሪያው የአንጎል ቀዶ ጥገና ሮቦት ከፋብሪካ የተወሰደ ክንድ ነበር። መንገዱን ያሳያል እንጂ መርፌውን የሚገፋው ሐኪሙ ነው። ትንሽ ተጽናናሁ። ለእትዬ ላነብላቸው ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። ሳላወጣው መሸ።

ረቡዕ
ተጋለጥኩ። ለዝግጅት ምርመራ ሄደን ዶክተሩ በደስታ ማሽኑን አሳየን። ነጭ ክንድ፣ ከፊቱ የላስቲክ ጭንቅላት። ክንዱ ዞር ብሎ ጭንቅላቱ ላይ ሲያነጣጥር እትዬ ወደ እኔ ዞሩ።
"ይኼ ነው እጃቸው?"
ቦርሳዬን ከፈትኩ፤ መልሼ ዘጋሁት።
"በሬ ሲገዛ እንኳ ጥርሱ ይታያል። ጭንቅላቴን እኮ ነው ሳልጠየቅ የሰጠሽብኝ!"
ነጠላቸውን አጣፍተው ወጡ። ዶክተሩ "አልፈለጉም?" አለኝ። "አልፈለጉም" አልኩ። በትክክል የተረጎምኩት ይህን ብቻ ነው።
ትራም ውስጥ ከእኔ ራቅ ብለው ተቀመጡ።

ሐሙስ
ጠዋት እትዬ ሻይ ደፉ። ሊጠርጉት ሞከሩ፤ እጃቸው እምቢ አለ።
"ነይ ተቀመጪ። ያለውን ሁሉ ንገሪኝ፣ ሳትቀባቢው።"
ገጹን አወጣሁ። ደሙንም፣ አንደበቱንም፣ ሙከራ መሆኑንም ነገርኳቸው። እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። ከዚያ ሳቅ አሉ።
"ቢያንስ የሱ እጅ አይንቀጠቀጥም። ሐኪሙም ካጠገቡ አለ። ሞኝ፣ ሰኞ ብትነግሪኝ ሰኞ እሺ እል ነበር።"
ሮጬ ለሆስፒታሉ ደወልኩ። ትናንት እምቢ ስላልን ቴርሚኑ ለሌላ ሰው ተሰጥቷል። የሚጠብቀው ብዙ ነው አለች ጸሐፊዋ፤ ቦታ ሲገኝ ትደውላለች፤ መቼ እንደሆነ አታውቅም።
ያለችውን ቃል በቃል ለእትዬ ነገርኳቸው። "እሺ" አሉና እጃቸውን ዘረጉልኝ። በሁለት እጄ ጥብቅ አድርጌ ያዝኩት። መንቀጥቀጡን ግን አላቆመም።